ለራስ ሲቆርሱ ማሳነስ፦ ትሕትናን በዕለት ኑሮ ለመለማመድ የሚረዳ መመሪያ

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ብሂል በቀልድ መልክ ይነገር እንጂ፣ ራስ ወዳድነት በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ከእርሱ ይበልጥ በአጭሩ የገለጸ ንግግር አላውቅም። ብሂሉ የሚያወራው ስለ ሌባ ወይም ስለ ግፈኛ ሳይሆን፣ የመቁረስ ተራ ስለ ደረሰው ማንኛውም ሰው ነው። እኔም ራሴን በጥቂቱ ያወቅሁት በዚሁ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በየወሩ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስን ጽዋ በምንጠጣበት ማኅበር፣ ካህኑ ድፎ ዳቦውን ባርከው ከከፈቱት በኋላ የመቆራረሱና የማደሉ ተራ የእኔ ሆነ። አድዬ ስቀመጥ፣ ከመሀል የወጣውን ለስላሳ ቁራሽ ሳላስበው ወደ ራሴ አስጠግቼ አስቀምጬው ኖሯል። ማንም አላየኝም፤ ቢያየኝም ከኃጢአት የሚቆጥርብኝ አልነበረም። ነገር ግን እጄ እኔን ሳያማክር በአንድ ቁራሽ ዳቦ ይህን ያህል ከሠራ፣ በገንዘብ፣ በሹመትና በክብር ጉዳይ ሳላውቀው ምን ሲሠራ እንደሚውል ማሰብ ጀመርሁ።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን የእጅና የአንደበት ልማድ ለመግራት ለሚፈልግ ክርስቲያን የተጻፈ ነው። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ትሕትና በስሜት አይጀመርም። ትሑት ለመሆን የሚመኝ ሰው ስለ ትሕትና በማሰብ ብቻ ቢውል፣ የሚያስበው መልሶ ስለ ራሱ ነውና ከተነሣበት አይርቅም። የሚሻለው «እኔ» የሚለው ነገር የሚሰፈርና የሚቆጠር አንዳች ነገር፣ ለምሳሌ ድርሻውን፣ ተራውን፣ ወንበሩን፣ የመጨረሻውን ቃል ወይም ምስጋናውን፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እንዲተው ማድረግ ነው። ይህን የምጽፈው ከፍጻሜው ደርሼ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ፤ ትሕትናን አገኘሁ ብሎ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ መመሪያውን ባያነቡለት ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች በኪስ የምትያዝ አነስተኛ ደብተርና እርሳስ ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም የንስሐ አባትዎ ቢሆኑ ይመረጣል። ለጓደኛ ወይም ለማኅበር አባል «ትሕትናን እየተለማመድሁ ነው» ብሎ መንገር ግን ሥራውን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል፤ ሰሚው «እንዴት ያለ መልካም ሐሳብ ነው!» ይላልና ደመወዙ በዚያው ይከፈላል።

ጊዜውን በሚመለከት ስድስት ሳምንት ያህል መመደብ በቂ ነው። ለእኔ የተመቸኝ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት ነበር፤ ርዝመቱ ልማድ ለመትከል ይበቃል፣ እንደ ዐቢይ ጾምም ሁሉ ሰው በየአጥቢያው የሚተያይበት ወቅት አይደለም። ከአጽዋማት ውጭ መጀመርም ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዘለግ አድርጌ ልናገረው እፈልጋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ተጎድቷልና። ሐዋርያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ክርስቶስ ራሱን ባዶ እንዳደረገና ራሱን እንዳዋረደ ሲናገር፣ አድራጊው ራሱ ጌታ መሆኑን ልብ ይበሉ። ትሕትና የሚባለው ሰው በእጁ ያለውን በገዛ ፈቃዱ ሲተው ነው። የተቀማ ሰው ስለ ተቀማ ትሑት አይባልም። ስለዚህ በባሏ የምትደበደብ ሴት፣ ደመወዟ የተከለከለ የቤት ሠራተኛ ወይም ርስቱን በጉልበተኛ የተነጠቀ ወንድም ይህን መመሪያ ይዞ «ዝም ልበል፣ ይህ መስቀሌ ነው» ማለት የለበትም፤ በእርሱ ላይ ያለው ሸክም የሌላ ሰው ራስ ወዳድነት ነው፤ መፍትሔውም ሽማግሌ፣ ካህን፣ ካስፈለገም ሕግ ነው። እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ሰው «ታገሥ፣ ትሕትና ነው» እያለ የሚመክር ሰው፣ ለራሱ ሰላም ሲል በሌላው ትከሻ ላይ እየቆረሰ እንዳይሆን ራሱን ይመርምር። ከዚህ በታች ያለው ልምምድ ቢላዋው በእጁ ላለ ሰው ነው፤ በአንዱ ወይም በሌላው ነገር ደግሞ አብዛኞቻችን ቢላዋ ይዘናል።

አንደኛ፦ ሰባት ቀን መመዝገብ ብቻ

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ነገር ለመለወጥ አይሞክሩ። ማታ ከመኝታ ጸሎት በፊት ደብተሩን ይክፈቱና ለሦስት ጥያቄዎች ብቻ መልስ ይጻፉ፦ ዛሬ ከሌላው የተሻለውን ድርሻ፣ ቦታ ወይም ተራ የወሰድሁት የት ነው? ምስጋና ጠብቄ ሲቀርብኝ የከፋኝ የት ነው? የሠራሁትን መልካም ነገር ለማን አወራሁ?

አጻጻፉ ደንብ አለው። መልሱ ከአንድ መስመር አይብለጥ፤ የሌላ ሰው ስም አይጻፍ፤ «ቸኩዬ ስለ ነበር»፣ «እርሱም እንዲሁ ስለሚያደርግ» የሚል ምክንያትም አይግባበት። ምክንያት የገባ እንደ ሆነ ደብተሩ የክርክር ማመልከቻ ይሆናል። «ባጃጅ ስንጠብቅ አንዲት እናትን ቀደምሁ» ብሎ ማቆም ይበቃል። «በስብሰባ ላይ ሐሳቤን ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ ሲያቀርበው እስከ ምሳ ሰዓት አኮረፍሁ» የሚለውም እንዲሁ።

መዝገቡ በየማታው መጻፍ ያለበት ለምን እንደ ሆነ ከታንኳ መማር ይቻላል። የጣና ታንኳ ከደንገል የተሠራ ስለ ሆነ ውኃ ይጠጣል፤ ባለቤቱ ከጉዞ ሲመለስ ወደ ዳር አውጥቶ ካላደረቀው እየከበደ ይሄድና በመጨረሻ ሰው መሸከም ይሳነዋል። የአንድ ቀን ርጥበት ምንም አይደለም፤ የሚያሰጥመው ሳይደርቅ በላይ በላዩ የሚጨመረው ነው።

በራሴ መዝገብ ላይ ያገኘሁት ነገር አስደንግጦኛል። ስስታም እንዳልሆንሁ እርግጠኛ ነበርሁ፤ በእርግጥም የመጀመሪያው ጥያቄ ሥር የተጻፈው ጥቂት ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ሥር ግን ገጽ ሞልቶ ተረፈ። ለካ እጄ የሰጠችውን አፌ ቀስ በቀስ እየሰበሰበ ይመልሰው ኖሯል።

ሁለተኛ፦ አንድ ሜዳ መምረጥ

ከሳምንቱ በኋላ መዝገቡን አንብበው የበዛበትን ቦታ ይምረጡ፤ ማዕድ፣ መቀመጫ፣ ገንዘብ፣ ሰዓት ወይም ወሬ ሊሆን ይችላል። አንዱን ብቻ ይምረጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚጀምር ሰው በሦስተኛው ቀን ይደክመዋል፤ ካልደከመው ደግሞ በራሱ መደነቅ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

የመረጡት ማዕድ ከሆነ ደንቡ «የቆረሰ መጨረሻ ያንሣ» የሚል ነው። ልጆች ሲካፈሉ አንዱ ቆርሶ ሌላው የሚመርጥበት ጨዋታ ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ ይህ ፍትሕን ያመጣል። ልምምዱ ከፍትሕ አንድ ጣት ያህል አልፎ መሄድን ይጠይቃል፦ እኩል ይቁረሱ፣ ሁሉም ካነሣ በኋላ የቀረውን ይውሰዱ፣ የቀረውም ያረረው ቢሆን ዝም ብለው ይብሉ። «ለእኔ ያረረው ይበቃኛል» ብሎ መናገር ልምምዱን ከንቱ ያደርገዋል። ባለቤትዎ ወይም እናትዎ አይተው «ኧረ በሞቴ!» ብለው ከራሳቸው ቢያጎርሱዎት ደግሞ ተቀብለው ይጉረሱ። ጉርሻን እየገፉ መግደርደር በሌላው ፍቅር ላይ የራስን ምስል ማስቀደም ነው፤ መስጠት ብቻ እንጂ መቀበልን የማይወድ ሰው ሁልጊዜ ከላይ መቆም የሚፈልግ ሰው ነው።

የመረጡት መቀመጫ ከሆነ አጋጣሚው ብዙ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ በግብዣ ቤት ሰዎች የከበሬታ ስፍራ ሲመርጡ አይቶ ያስተማረው ትምህርት ለሰርግ ቤትና ለለቅሶ ድንኳን ብቻ የተነገረ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የተሻገረ ሰው ያውቀዋል፦ ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ በአንደኛው ጎን የተቀመጠውን ያረጥበዋል። ይህን የሚያውቅ ተመላላሽ ቀድሞ ገብቶ ደረቁን ቦታ ይይዛል፤ የማያውቀው እንግዳ ይረጥባል። ዕውቀት ራሱ የመቅደሚያ መሣሪያ ሲሆን እንዲህ ነው። ልምምዱ ቀድሞ ገብቶ የሚረጨውን ቦታ መያዝ ነው፤ ጋቢ ይዞ መሄድ አይከለከልም።

በሥራ ቦታ ላለ ሰው አጭር ምክር ብቻ ልጨምር፦ የሚያውቁትን ሙያ ለታናሽዎ ያስተምሩ። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የተባለው ከጡረታ በፊት ሁሉን ነገር በልቡ ቆልፎ ለሚሄድ ሰው ጭምር ነው።

ሦስተኛ፦ ስጦታን መደበቅ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም በተከታታይ ተጠቅሰዋል፤ ለሦስቱም የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ በስውር ይሁን። ይህ በእኛ ዘመን ከባድ የሆነው ሁሉም ሰው በኪሱ ካሜራ ስለ ያዘ ነው።

እምቦጭ ጣናን ከወረረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። አረሙን በእጅ ለመንቀል በተደረገ አንድ ዘመቻ ከባሕር ዳር ተነሥተን ወደ ሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሄደን ነበር። ውኃው እስከ ወገባችን ደርሶ አረሙን እየጎተትን ወደ ዳር እንከምር ጀመር። ጥቂት እንደ ሠራን አንድ ወንድም ፎቶ ሊያነሣን መጣ፤ እኔም እጄን ታጥቤ፣ ሸሚዜን አስተካክዬ፣ አንድ ትልቅ የእምቦጭ እቅፍ አንሥቼ ቆምሁ። ፎቶውን በኋላ ሳየው ከጀርባዬ የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። በዚያ ፎቶ ላይ ሥራ ያልያዝሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ስለዚህ በዚህ ደረጃ የሚደረገው የሚከተለው ነው። በሳምንት አንድ ስጦታ ያዘጋጁ፤ መጠኑ ከአቅምዎ አይለፍ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡ ከሆነ በመዝገብ ስምዎ ምትክ በክርስትና ስምዎ ይስጡ። የሰጪዎች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ «ወልደ ገብርኤል» ወይም «ወለተ ማርያም» የተባለ ሰው በጉባኤው መካከል ማንም አያውቀውም፤ በጸሎት ግን የሚታሰብበት ስሙ እርሱ ነው። አባቶቻችን ሁለት ስም ያወጡልን ለዚህ ባይሆንም ለዚህ ይጠቅማል። የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጃፍዎ ሲቆም ደግሞ ያለዎትን ጨምረው ይመለሱ፤ አገሩን መጠየቅ፣ መምከር፣ «በርትተህ ተማር» ማለት፣ «ጸልይልኝ» ብሎ ዋጋ መቁረጥ ለዚህ ስድስት ሳምንት ይቅር።

ስውርነቱ ግን ከማን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። የቤቱ ገንዘብ የጋራ ከሆነ ከትዳር ጓደኛ ተደብቆ መስጠት ትሕትና አይባልም፤ የሌላውን ድርሻ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ነው። የሚደበቀው ከተመልካች እንጂ ከባለ ድርሻ አይደለም።

በደቅ ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴ የሚገኝ አንድ ሥዕል ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያሳስበኛል። ገዳሟን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጇን ከታቀፈችው ከእመቤታችን እግር ሥር በግምባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። በዘመናቸው አገር የሚሰግድላቸው ንግሥት መሬት ላይ መውደቃቸው ትሕትና ነው። ይሁን እንጂ ተደፍተው መታየታቸውም በግድግዳው ላይ ተሥሎ ይኸው እስከ ዛሬ ይታያል። በእርሳቸው ላይ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ በእኔ ደረጃ ላለ ሰው ግን ተደፍቶ መታየት ቆሞ ከመታየት ይበልጥ ያጓጓል።

አራተኛ፦ አንደበትን መግራት

ይህ ደረጃ ከሁሉ የሚከብደው በእኛ ዘንድ የትሕትና ቋንቋ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀን ነው። «እኔ ኃጢአተኛው»፣ «እኔ ምናምንቴው»፣ «ኧረ እኔ ምን አውቄ» የሚሉት ቃላት ከአፋችን ለመውጣት ልብን አይጠይቁም። በጥንት ብራናዎች መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ራሱን ኃጥእና በደለኛ ብሎ ሲጽፍ እጁ በብርድ ደንዝዞ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ አንባቢ እንዲጸልይለት እየለመነ ነበር። እኛ ያንኑ ቃል ወስደን «ኧረ አይደለህም!» እንድንባል እንጠቀምበታለን። አንድ ፈተና ላቅርብ፦ «እኔ ምን አውቄ» ሲሉ አድማጭዎ «አዎ፣ በዚህ ነገር ላይ እውነትም አታውቁም» ቢልዎ ደስ ይልዎታል? ደስ ካላለዎት ቃሉ የተነገረው ውዳሴን ለማጥመድ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በራስ ላይ ክፉ መናገርን መተው ነው፤ በራስ ላይ መልካም መናገርን ከመተው ጋር። ስለ ራስ ምንም አለመናገር ከሁለቱም ይሻላል። ሲመሰገኑ አይከራከሩ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው አብሮ የሠራ ሰው ካለ ስሙን ይጥሩና ወሬውን ወደ ሌላ ይምሩ። የሌለ ተባባሪ ፈጥሮ መጥራት ግን ውሸት ነው።

ሁለተኛው ሥራ የሰውን ወሬ አለመንጠቅ ነው። አንድ ሰው «ልጄ ታሞብኝ አደርሁ» ሲል «እኔም ያኔ የኔ ልጅ ሲታመም» ብሎ መቀጠል እንደ ማጽናናት ይቆጠራል፤ ነገር ግን የሰውዬው ልጅ ከመሀል ወጥቶ የእኛ ልጅ ገባ። በዚህ ሳምንት ሰው ስለ ራሱ ሲያወራዎ ቢያንስ ሁለት ጥያቄ ሳይጠይቁ የራስዎን ታሪክ አያንሡ። ይህን ስሞክር በቡና ላይ ምን ያህል ሰው ለብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ እንደ ኖረ አየሁ።

ሦስተኛው በክርክር የመጨረሻውን ቃል ለሌላው መተው ነው። ይህ በእምነት፣ በእውነትና በሌላ ሰው መብት ጉዳይ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ዝምታ ሌላ ስም አለው። የሚሠራው በአብዛኛው በምንከራከርበት ነገር ላይ ነው፦ መንገዱ በየት በኩል ያጥራል፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይስ አልበዛበትም፣ የማኅበሩ ተራ ባለፈው ዓመት የማን ነበር። በነገራችን ላይ የማኅበር መሪ «ሙሴ» መባሉን ስሰማ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ሙሴን በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት ነበር ይለዋል፤ በእኛ ማኅበራት ግን ድምፁ ከፍ ብሎ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ሙሴው ነው።

አምስተኛ፦ ይቅርታ መጠየቅ

ራስ ወዳድነት ከሚደበቅባቸው ቦታዎች አንዱ ይቅርታ ነው። «ካስቀየምሁህ ይቅርታ» የሚለው ንግግር «ካስ» በምትለው ፊደል ጥፋቱን አጠራጣሪ ያደርገዋል። «ይቅርታ፣ ግን አንተም» የሚለው ደግሞ ክስ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን ይዞ ከመሠዊያው ፊት የደረሰ ሰው ወንድሙ የሚያዝንበት ነገር እንዳለ ቢያስታውስ፣ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዟል። በዚያ ቃል ማን ይበልጥ እንደ በደለ አልተጠየቀም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመዝገብዎ ውስጥ አንድ ሰው ይምረጡ፤ ከበታችዎ ያለ፣ ይቅርታዎን ለመጠበቅ እንኳ ያልደፈረ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ልጅዎ፣ የቤት ሠራተኛዎ ወይም የቢሮዎ ተላላኪ። ብቻውን ያግኙት። ያደረጉትን ድርጊት በስሙ ይጥሩ፦ «ትናንት በሰው ፊት ጮኼብሃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። የተወሰደ ነገር ካለ ይመልሱ፤ በሰው ፊት ያዋረዱትን በሰው ፊት ያክብሩ። መልስ እንዲሰጥዎት አያስገድዱት፤ «ይቅር ብያለሁ በል እንጂ» ማለት ሁለተኛ ጭነት ነው። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት የሚቆምበት ሥርዓት አለ፤ ድንጋዩን ከትከሻው የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። ተሸካሚው «በቃ ከበደኝ» ብሎ ራሱ ሲጥለው አይቼ አላውቅም።

ስድስተኛ፦ ዝቅ ያለ ሥራና ስግደት

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በዓይን ይታያል። ሁላችንም በዚያ ቀን እግራችንን ለመታጠብ እንሰለፋለን፤ ትእዛዙ ግን እርስ በርሳችን እንድንተጣጠብ ነበር። ጌታ ካጠባቸው እግሮች መካከል የይሁዳም እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ለሚገባው ብቻ ልታዘዝ የሚለውን ሰበብ ያጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማንም የማይሽቀዳደምበትን ሥራ ይፈልጉ፦ ከጉባኤ በኋላ ዐውደ ምሕረቱን መጥረግ፣ በእድር ድንኳን ውኃ መቅዳት፣ ከማኅበር በኋላ ጽዋና ሳሕን ማጠብ። ወንዶች ይህን የመጨረሻውን ቢመርጡ ጥሩ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ማን ሲሠራ እንደሚመሽበት ያያሉ።

ስግደትን በተመለከተ ቁጥሩን የንስሐ አባት ይወስኑት። በቀዳሚትና በእሑድ፣ በበዓለ ኀምሳም እንዲሁ አይሰገድም፤ ጤንነትም ይታሰብበት። ቁጥሩን ለሌላ መናገር ግን በሉቃስ 18 የተጠቀሰው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ እንዳለው ያለ ነው፤ የተናገረው እውነት ነበር፤ ሳይጸድቅ ወደ ቤቱ የተመለሰውም ከዚሁ እውነት ጋር ነው።

ሲወድቁ

መውደቅዎ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው በአራተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ልምምዱ ሲቀልልዎትና ሌሎችን «ይህ ሰው እንዴት ራስ ወዳድ ነው» ብለው መታዘብ ሲጀምሩ ነው። የበረሃ አባቶች ውዳሴ ከንቱን ከሌሎች ፈተናዎች ለይተው የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌሎቹ ሲሸነፉ ይርቃሉ፣ እርሱ ግን በእነርሱ መሸነፍ ይወፍራል።

እምቦጭን የነቀለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አረሙ ተነቅሎ በሐይቁ ጫፍ ብቻ ከተከመረ፣ ክረምት ላይ ውኃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ርቆ ተወስዶ መድረቅ አለበት። ያም ሆኖ ዘሩ በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆይና ጊዜ ሲያገኝ ይበቅላል። ኑዛዜም እንዲሁ ነው፤ በደሉን ከልብ ዳር አውጥቶ ከመተው ይልቅ እስከ ካህኑ ድረስ ማድረስ ይገባል። ዘሩ ግን አለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ሜዳ ማረም ይኖራል። አዲስ አረም እንደ በቀለ ቆጥሮ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ የድሮው ነው።

መሻሻልን በስሜት አይለኩት። በደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ የሠሩት ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን ኩርፊያው ከስንት ሰዓት ወደ ስንት ሰዓት እንደ ወረደ፣ እና የቤትዎ ሰዎች ያለ ፍርሃት «ተሳስተሃል» ወይም «ተሳስተሻል» ማለት መጀመር አለመጀመራቸውን።

ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ደብተሩን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ ከእርሳቸው ጋር ከጨረሱ በኋላ በዚያው ቀን ያቃጥሉት። እኔ የመጀመሪያውን ደብተር «ለማስታወሻ ይሁነኝ» ብዬ አስቀምጬ ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ጓደኛዬ ቡና ሊጠጣ ቤቴ ቢመጣ፣ «ስለ ራሴ ምን ያህል እንደ ጨከንሁ ተመልከት» እያልሁ ገጽ እየገለጥሁ ሳነብለት ራሴን አገኘሁት። ከሰሉ ገና አልጠፋም ነበር፤ ጀበናውን አንሥቼ ደብተሩን እሳቱ ላይ ጣልሁት።